እሺ ከማለታችሁ በፊት፦ የሕክምና ምርምርን ማን ይመረምረዋል?

(የመግቢያ ሙዚቃ ከፍ ብሎ ይሰማል፤ ቀስ እያለ ዝቅ ይላል)

አቅራቢ፦ ሳምንታዊው የጤና ዝግጅታችን ተጀምሯል። ቡና ያቀረባችሁ እየጠጣችሁ፣ መንገድ ላይ ያላችሁም ድምፁን ከፍ አድርጋችሁ አብራችሁን ቆዩ።

ዛሬ በጥያቄ እንጀምር። ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ ወረፋ ስትጠብቁ፣ ነጭ ጋዋን የለበሰ ሰው ጠጋ ብሎ «ጥናት እያካሄድን ነው፤ ትንሽ ደም ብንወስድ ፈቃደኛ ነዎት?» አላችሁ እንበል። ይህ ሰው እናንተን እንዲጠይቅ ማን ፈቀደለት?

(ለአፍታ ጸጥታ)

ማን ነው ከእናንተ በፊት ወረቀቱን አንብቦ፣ ጥቅሙንና ጉዳቱን መዝኖ፣ «ይህን ጥያቄ ለሰው ማቅረብ ይቻላል» ያለው? የዛሬው ርእሳችን ይህ ነው፤ የምርምር ሥነ ምግባር ኮሚቴ። የሙያው ሰዎች በእንግሊዝኛ ምሕጻረ ቃል «አይ አር ቢ» ይሉታል።

(አጭር የሙዚቃ መሸጋገሪያ)

አዲስ አበባ፣ ዘነበወርቅ አካባቢ፣ አለርት ሆስፒታል ግቢ ውስጥ አንድ የታወቀ የምርምር ተቋም አለ፤ አርማወር ሐንሰን የምርምር ኢንስቲትዩት። የተቋቋመው በ1970 ነው፤ ዛሬ የምንጠራቸው ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው። ስሙን ያገኘው የሥጋ ደዌን ባክቴሪያ በ1873 ካገኘው ኖርዌያዊ ሐኪም ነው። ሐንሰን ትልቅ ሰው ነበር፤ በዚህ ማንም አይከራከርም።

ታሪኩ ግን ሌላ ገጽም አለው። ሐንሰን ባክቴሪያውን በማይክሮስኮፕ ቢያየውም፣ በሽታው ከሰው ወደ ሰው እንደሚተላለፍ ማረጋገጥ አቃተው። በ1879 በርገን ከተማ በሚገኝ የሥጋ ደዌ ሆስፒታል ውስጥ አንዲት የ33 ዓመት ታማሚ አስጠራ። ከሌላ ሕመምተኛ እባጭ በወሰደው ነገር የተነካካ የዓይን ቀዶ ሕክምና ቢላዋ ይዞ፣ የሴትየዋን ዓይን ወጋ። ለሕክምናዋ አልነበረም፤ ለሙከራ ነው። ፈቃዷንም አልጠየቀም።

ነገሩ ፍርድ ቤት ደረሰ። ሐንሰን አልካደም። ለምን እንዳልጠየቃት ሲያስረዳ፣ እሷ ነገሩን እንደ እሱ እንደማታየው አስቀድሞ ገምቶ እንደነበር ተናገረ።

ይህችን ነጥብ ልድገማት። ሳይጠይቅ የቀረው ረስቶ አይደለም። መልሷ «እምቢ» እንደሚሆን ስለገመተ ነው።

በ1880 ፍርድ ቤቱ ከሆስፒታሉ ሐኪምነቱ አነሳው። የአገሪቱ የሥጋ ደዌ ዋና ሐኪምነቱን ግን አልነጠቀውም። ቅጣቱ በቂ ነበር ወይ? ፍርዱን ለእናንተ ልተው። እኔን የሚገርመኝ፣ ዛሬ በዚሁ ሰው ስም በሚጠራው ግቢ ውስጥ ተመራማሪ ማንንም ታማሚ ከመንካቱ በፊት ወረቀቱን የሚመረምር የሥነ ምግባር ኮሚቴ መኖሩ ነው።

(የሙዚቃ መሸጋገሪያ)

አቅራቢ፦ ለመሆኑ ኮሚቴው ውስጥ እነማን ይቀመጣሉ?

ብዙ ሰው «ሐኪሞች ናቸዋ!» ይላል። ሐኪሞች አሉ፤ ግን ሐኪም ብቻ ከሆነ ኮሚቴው ጎደሎ ነው። በዓለም አቀፉ የመድኃኒት ሙከራ መመሪያ መሠረት ኮሚቴው ቢያንስ አምስት አባላት ይኖሩታል። ከእነሱ ቢያንስ አንዱ ሙያው ከሕክምና ሳይንስ ውጭ የሆነ፣ ቢያንስ አንዱ ደግሞ ከተቋሙ ጋር ምንም ግንኙነት የሌለው መሆን አለበት። የሕግ ባለሙያ፣ የሃይማኖት አባት፣ መምህር፣ የአካባቢ ተወካይ ሊሆን ይችላል። ሴቶችም ወንዶችም መኖር አለባቸው።

ለምን? በሽታ የማያክም ሰው ስለ ሕክምና ጥናት ምን ያውቃል?

መልሱን አሜሪካ ውስጥ የሆነ አንድ ነገር ያሳየናል። አላባማ ክፍለ ግዛት፣ ተስኪጊ አካባቢ፣ የአገሪቱ የሕዝብ ጤና አገልግሎት ከ1932 ጀምሮ ቂጥኝ የያዛቸውን 399 ጥቁር አሜሪካውያን ሳያክም ይከታተል ነበር። ፔኒሲሊን ቂጥኝን እንደሚያድን ከታወቀ በኋላ እንኳ አልሰጧቸውም። ጥናቱ ምስጢር አልነበረም፤ ውጤቱ በሕክምና መጽሔቶች ይታተም ነበር። በ1969 ደግሞ የባለሙያዎች ስብስብ ተቀምጦ ጉዳዩን መረመረ። ምን ወሰነ መሰላችሁ? ይቀጥል!

የተቀመጡት የሕክምና ሰዎች ነበሩ። ከታማሚዎቹ ወገን መጥቶ «እነዚህ ሰዎች እኮ ይሞታሉ» ብሎ ጠረጴዛ የሚመታ አልነበረም። ጥናቱ የቆመው በ1972 ጋዜጣ ላይ ወጥቶ ሕዝብ ሲቆጣ ነው። የአሜሪካ ኮንግረስም በ1974 የምርምር ተሳታፊዎችን የሚጠብቅ ሕግ አወጣ።

እንግዲህ ኮሚቴው ውስጥ ሐኪም ያልሆነ ሰው የሚቀመጠው ለይስሙላ አይደለም። ሐኪሙ ለምዶት የማያየውን ያያል። «ይህ ቃል ምን ማለት ነው? እናቴ ብትሰማው ይገባታል?» ብሎ ይጠይቃል። እኔ በበኩሌ ከኮሚቴው ወንበሮች ሁሉ አስፈላጊው ይህ ይመስለኛል፤ በተግባርም ቶሎ ዝም የሚያሰኙት እሱን ነው። ፕሮፌሰሮች መሃል ቁጭ ብሎ «አልገባኝም» ማለት ቀላል አይደለምና።

ሌላም ደንብ አለ። የሚታየው ጥናት የኮሚቴው አባል የራሱ ከሆነ፣ ውሳኔ ሲሰጥ ከክፍሉ ይወጣል። በራሱ ጉዳይ ዳኛ አይሆንም።

(አጭር ሙዚቃ)

አቅራቢ፦ አሁን ወደ ሥራው እንግባ። ኮሚቴው ምን ምን ይጠይቃል?

በምሳሌ እንየው። በመተማና በሁመራ የሰሊጥ እርሻዎች ለአረምና ለአጨዳ የሚወርዱ ወጣቶች ካላዛር በተባለ በሽታ ይያዛሉ። በሽታውን የምታስተላልፈው ትንሽ የአሸዋ ዝንብ ናት። ትኩሳት፣ የጣፊያ ማበጥ፣ መክሳት ይከተላል፤ ካልታከሙት ይገድላል። በምሥራቅ አፍሪካ ለዓመታት ሲሰጥ የቆየው ሕክምና በየቀኑ ሁለት መርፌ፣ ለ17 ቀን ነው። መርፌው ያምማል፤ አንደኛው መድኃኒት ልብንም ሊጎዳ ይችላል። ስለዚህ ተመራማሪዎች ጠየቁ፦ ይህን ጎጂ መርፌ ትተን በሚዋጥ እንክብል ብንተካው፣ 14 ቀን ብቻ ብንሰጥስ? በኢትዮጵያ፣ በኬንያ፣ በሱዳንና በኡጋንዳ ይህን የሚፈትሽ እውነተኛ ጥናት ተካሂዷል።

እናንተ የኮሚቴ አባል ናችሁ እንበል። ወረቀቱ ጠረጴዛችሁ ላይ ነው። ምን ትጠይቃላችሁ?

መጀመሪያ፣ ጥናቱ በእርግጥ አዲስ ነገር ያስገኛል ወይ? መልሱ ቀድሞ የታወቀ ከሆነ ሰውን በከንቱ ማድማት ነው። ደካማ ጥናት፣ የተሳታፊው ብዛት የማይበቃ ጥናት፣ በራሱ የሥነ ምግባር ጉድለት ነው። ይህ ብዙ ሰው የማይጠብቀው ነጥብ ስለሆነ ልድገመው፦ ሳይንሱ ያልተስተካከለ ምርምር ሥነ ምግባሩም አልተስተካከለም።

ቀጥሎ ጉዳቱ። እንክብሉ ማኅፀን ውስጥ ያለን ፅንስ ሊጎዳ ይችላል። ታዲያ ልጅ የመውለድ ዕድሜ ላይ ያለች ሴት ብትገባ እርግዝናዋ ይመረመራል ወይ? የወሊድ መከላከያስ ታገኛለች ወይ? ይህ ካልተጻፈ ኮሚቴው ወረቀቱን ይመልሰዋል።

ከዚያ ደግሞ ሰዎቹ። የቀን ሠራተኛ ነው፤ አገሩ ሩቅ ነው፤ በትኩሳት ደክሟል፤ ኪሱ ባዶ ነው። እንዲህ ያለ ሰው «እሺ» ሲል ወዶ ነው ወይስ ቸግሮት? የትራንስፖርትና የምግብ ወጪ መሸፈን ተገቢ ነው። ብዙ ገንዘብ መስጠት ግን ሰውን አጓጉቶ አደጋውን እንዳያይ ያደርገዋል። መጠኑ የት ላይ ይቁም? በእያንዳንዱ ስብሰባ ላይ የሚያከራክር ጉዳይ ነው፤ ቁርጥ ያለ መልስም የለውም።

ከሁሉ በላይ ረጅም ጊዜ የሚወስደው ግን የስምምነት ቅጹ ነው። ተመራማሪ ለታማሚው የሚያነበው ወረቀት ማለት ነው። እስቲ ወረቀቱ በሰው አፍ ሲነገር እንዴት ሊሆን እንደሚገባ በአጭር ጭውውት እናዳምጥ።

(የሆስፒታል ግቢ ድምፅ፤ የእግር ኮቴ፤ ሩቅ የሚሰማ ንግግር)

ነርስ፦ እንዴት አደርክ ወንድሜ? ትኩሳቱ ቀለል አለልህ?

ታማሚ፦ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ሲስተር።

ነርስ፦ ስለ አንድ ጥናት ልነግርህ ነው። ቶሎ ብለህ እሺ እንዳትለኝ፤ መጀመሪያ ስማኝ። ለዚህ በሽታ እስከ ዛሬ የምንሰጠው በቀን ሁለት መርፌ ነው፣ ለዐሥራ ሰባት ቀን። አሁን ግን አንዱን መርፌ በሚዋጥ እንክብል ለውጠን፣ ዐሥራ አራት ቀን ብቻ ብንሰጥ እኩል ያድናል ወይ የሚለውን እያጠናን ነው።

ታማሚ፦ እንክብሉ ይሻላላ! በቃ እሱን ስጪኝ።

ነርስ፦ መሻል አለመሻሉን እኛም ገና አናውቅም። የትኛው እንደሚደርስህ ደግሞ እኔም አልመርጥልህ፣ አንተም አትመርጥ። በዕጣ ነው።

ታማሚ፦ በዕጣ? (ያመነታል) እ... እምቢ ብልስ ታስወጡኛላችሁ?

ነርስ፦ ኧረ በጭራሽ! የተለመደውን ሕክምና እንሰጥሃለን፤ ከአልጋህ የሚያነሳህ የለም። ጀምረህ መሃል ላይ ተውኩት ብትልም እንዲሁ ነው።

ታማሚ፦ እኔ ፊደል አልቆጠርኩም። እንዴት ብዬ ልፈርም?

ነርስ፦ ማንበብ የሚችል፣ ከእኛ ጋር የማይሠራ ሰው ምስክር ሆኖ አብሮን ይቀመጣል። እሱ እየሰማ ሁሉንም አነብልሃለሁ። ገብቶህ ከተስማማህ አሻራህን ታደርጋለህ።

ታማሚ፦ እንግዲያው እስከ ነገ ላስብበት።

ነርስ፦ አስብበት። ያልገባህ ነገር ካለም ጥራኝ።

(ድምፁ እየራቀ ይሄዳል)

አቅራቢ፦ ሰማችሁ? «እኛም ገና አናውቅም» አለችው። ይህን ከባለ ጋዋን አፍ መስማት አልለመድንም። ግን የምርምርና የሕክምና ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው። ሐኪም ሲያክማችሁ ለእናንተ ይበጃል ያለውን ይመርጣል። ጥናት ውስጥ ስትገቡ ግን የሚደርሳችሁን ዕጣ ይወስነው ይሆናል። ታማሚው ይህን ሳያውቅ ከፈረመ፣ ፊርማው ወረቀት ላይ ያለ ቀለም ብቻ ነው።

ሌላው «እስከ ነገ ላስብበት» ማለቱ ነው። ጊዜ የማይሰጥ ስምምነት ያጠራጥራል።

ውጤቱን ለምትጠይቁ፣ በአራቱ አገሮች በተካሄደው ጥናት አዲሱ ሕክምና ከነባሩ ጋር ተቀራራቢ ሆኖ ተገኝቷል።

(የሙዚቃ መሸጋገሪያ)

አቅራቢ፦ አሁን ወደ ወላይታ እንሂድ። ምክንያቱም እዚያ የሆነው ነገር ቅጹ ብቻውን እንደማይበቃ ያስተምራል።

በቀይ አፈር ላይ ለዓመታት በባዶ እግር መሄድ እግርን የሚያሳብጥ በሽታ ያመጣል፤ ፖዶኮኒዮሲስ ይባላል። ብዙዎቻችን «ዝሆኔ» በሚለው ስም ነው የምናውቀው። በአንድ መንደር፣ በአንድ አፈር ላይ እየኖሩ አንዱ ቤተሰብ ሲታመም ሌላው አይታመምም። ስለዚህ ኢትዮጵያውያንና የውጭ ተመራማሪዎች በዘር የሚወረስ ተጋላጭነት ይኖር እንደሆነ ለማጥናት ተነሱ።

ችግሩ ምን መሰላችሁ? በመንደሩ ውስጥ «የእገሌ ቤት በሽታ አለበት» መባል ትልቅ ነውር ነው። ልጅ አትዳርም፤ ማኅበር አይጠሩህም። ታዲያ መኪና ይዞ መጥቶ በአንድ ቤት ደጃፍ የቆመና «ስለ ዘራችሁ ልጠይቃችሁ» የሚል ተመራማሪ፣ ደም ሳይወስድ ገና ጉዳት አድርሷል። ጎረቤት አይቷላ!

ተመራማሪዎቹ ይህን ስጋት ቀድመው አጠኑት፤ በ2009ም አሳተሙት። ሰዎቹ የፈሩት መርፌውን ብቻ አልነበረም፤ ጥናቱ መገለሉን እንዳያባብስባቸው ነው። ከዚህ የተነሳ ኢትዮጵያ ውስጥ አንድ መልካም ልምድ ዳበረ። ዋናው ጥናት ከመጀመሩ በፊት ወደ ማኅበረሰቡ ወርዶ «በየትኛው ቃል እናስረዳ? በማን በኩል እንምጣ? የት እናነጋግራችሁ?» ብሎ መጠየቅ። የዘረ መል ጥናቱም ተካሂዶ፣ ተጋላጭነቱ ከሰውነት መከላከያ ጋር ከተያያዙ ዘረ መሎች ጋር እንደሚገናኝ በ2012 ታተመ።

እዚህ ላይ አንድ የምናምታታው ነገር አለ። ገጠር ሲገባ በቀበሌ፣ በሽማግሌ፣ በሃይማኖት አባት በኩል ማለፍ ወግ ነው፤ መልካምም ነው። ነገር ግን ሽማግሌው «ግቡ» ማለታቸው መንደሩን ያስገባል እንጂ የማንንም ክንድ ለመርፌ አይሰጥም። ባል ለሚስቱ፣ አባት ላደገ ልጁ አይፈርምም። የእያንዳንዱ ሰው «እሺ» የራሱ ነው።

(አጭር ሙዚቃ)

አቅራቢ፦ ፈቃዱ በአገራችን በስንት በር ያልፋል? ዩኒቨርሲቲዎች፣ ሆስፒታሎችና የምርምር ተቋማት የየራሳቸው ኮሚቴ አላቸው። ከዚያ በላይ ብሔራዊ የምርምር ሥነ ምግባር ገምጋሚ ኮሚቴ አለ። የመድኃኒት ወይም የክትባት ሙከራ ከሆነ ደግሞ የኢትዮጵያ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ፈቃድ ይጨመራል። ደማችሁ ወይም ሌላ ናሙናችሁ ወደ ውጭ አገር የሚላክ ከሆነ፣ ለምን እንደሚሄድ፣ ማን እንደሚይዘው፣ ሥራው ሲያልቅ ምን እንደሚሆን የሚገልጽ ውል ይጠየቃል።

ተመራማሪዎች በዚህ ያማርራሉ፤ እውነት አላቸው። አንዱ ቢሮ ያየውን ሌላው እንደገና እያየ ወራት ይነጉዳል። መዘግየትም ዋጋ አለው፤ መድኃኒቱን የሚጠብቅ ታማሚ አለና።

በሩ ዝም ብሎ ሲታለፍ ግን ምን እንደሚሆን ናይጄሪያ አሳይታናለች። በ1996 በካኖ ከተማ የማጅራት ገትር ወረርሽኝ ተነሳ። የአሜሪካው ፋይዘር ኩባንያ ትሮቫን የተባለ አዲስ መድኃኒቱን በ200 ያህል ሕፃናት ላይ ሞከረ፤ ግማሾቹ አዲሱን፣ ግማሾቹ ነባሩን መድኃኒት ወሰዱ። ከሁለቱም ወገን 11 ሕፃናት ሞቱ። የገደላቸው በሽታው ነው ወይስ የመድኃኒቱ አሰጣጥ? እስከ ዛሬ ያከራክራል።

በኋላ የሆስፒታሉ የሥነ ምግባር ኮሚቴ ሰጠው የተባለው የፈቃድ ደብዳቤ ሲመረመር ምን ተገኘ? ሙከራው ሲካሄድ በሆስፒታሉ የሥነ ምግባር ኮሚቴ የሚባል ነገር አልነበረም። ደብዳቤው ቆይቶ ተጽፎ የቀድሞ ቀን የተጻፈበት ነበር። ኩባንያው በ2009 ጥፋት ሳያምን ከካኖ ግዛት ጋር በ75 ሚሊዮን ዶላር ተስማማ። በወላጆች ላይ የቀረውን ጥርጣሬ ግን በዶላር ማንሳት አይቻልም።

(ለአፍታ ጸጥታ)

አቅራቢ፦ ፈቃድ ከተሰጠስ በኋላ? ብዙ ሰው የኮሚቴው ሥራ ማኅተሙ ላይ ያበቃ ይመስለዋል። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ «ክሊራንስ ወጣልኝ» ሲባል እንደ መመረቂያ ወረቀት ነው የሚቆጠረው። ሆኖም ፈቃዱ አብዛኛውን ጊዜ ለአንድ ዓመት ነው፤ ይታደሳል። ተመራማሪው ዕቅዱን ልለውጥ ቢል እንደገና ያስፈቅዳል። ተሳታፊ ከባድ ጉዳት ቢደርስበት ወዲያው ያሳውቃል። ኮሚቴውም ጥናቱን ማገድ ይችላል።

በእኔ አስተያየት የሥርዓቱ ደካማ ጎን እዚህ ነው። አባላቱ የራሳቸው ሥራ ያላቸው ሰዎች ናቸው፤ ፋይል ያነባሉ፣ ይሰበሰባሉ፤ ጥናቱ ወደሚካሄድበት ጤና ጣቢያ ወርደው ቅጹ እንዴት እየተነበበ እንደሆነ የሚያዩበት ጊዜና በጀት ግን ጥቂት ነው።

ስለዚህ እናንተ የኮሚቴው ዓይንና ጆሮ ናችሁ። ስምምነት ስትጠየቁ ቅጹ ላይ ሁለት ስልክ ፈልጉ፤ አንዱ የተመራማሪው፣ ሌላው የኮሚቴው ነው። ቅጂውን ጠይቁ፤ የእናንተ ነው። «ብጎዳ ማን ያክመኛል? ስሜን ማን ያያል? ደሜ ወዴት ይሄዳል?» በሉ። ጥያቄ የሚያናድደው ተመራማሪ ካጋጠማችሁ፣ ሁለተኛው ስልክ የተጻፈው ለዚያ ነው።

ሁለተኛው ስልክ ከሌለ ወይም ቢደወል የማይነሳ ከሆነ፣ በአድራሻችን ጻፉልን፤ በሚቀጥለው ሳምንት የኮሚቴ አባል የሆኑ እንግዳ ስለምንጋብዝ ጥያቄያችሁን እናቀርብላቸዋለን። ርእሳችንም ሕፃናት በጥናት ሲሳተፉ የወላጅ «እሺ» እና የልጁ «እምቢ» ሲጋጩ ማን ይሰማል የሚለው ነው።



(የመዝጊያ ሙዚቃ)